ወርቅ ቢለበጥም ሙቀቱ አይለቅም፦ ስለ ራጅ ቱቦ ታርጌት ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ከራጅ ቱቦ ጉልበት 99 በመቶው ባክኖ ይቀራል» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ በራጅ ባለሙያዎችና በባዮሜዲካል ቴክኒሻኖች መካከል ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ጸሐፊው ታርጌቱን፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሲመቱት ኤክስሬይ የሚሰጠውን ብረት፣ ለማሻሻል ሰባት ሐሳቦች አቅርበዋል፦ ተንግስተኑን ከሱ በከበደ ብረት መተካት፣ ዲስኩን (ታርጌቱን የተሸከመውን የሚሽከረከር አኖድ) ከመዳብ መሥራት፣ የአኖዱን ፍጥነት በሦስት ማባዛት፣ ማዕዘኑን ወደ 7 ዲግሪ ማጥበብ፣ ከተንግስተኑ ጋር የሚቀየጠውን ሬኒየም ማስቀረት፣ የጠዋቱን ማሟሟቂያ መተው፣ ኪሎቮልቱን ከፍ አድርጎ መሥራት። ይህ ሁሉ ሲደመር ብቃቱ (ወደ ኤክስሬይ የሚለወጠው ጉልበት ድርሻ) 10 በመቶ ይደርሳል ባይ ናቸው።

መነሻ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ባክኖ የሚቀረው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። ከሱ ተነሥተው የደረሱበት ግን አብዛኛው ልክ አይደለም፤ ሁለት ሦስቱ ምክሮች ደግሞ ማሽን ላይ ከተሞከሩ ቱቦውን ይገድሉታል። እውነት ያለበትንም እዚያው እንለያለን።

«ከተንግስተን የከበደ ብረት ይተካ» ከሚለው እንነሣ። ጸሐፊው ወርቅንና ዩራኒየምን በስም ጠርተዋል። ወፍራም ታርጌት ላይ ካረፈው የኤሌክትሮን ጉልበት ወደ ኤክስሬይ የሚለወጠው ድርሻ በግምት አቶሚክ ቁጥሩን በቮልቱ አባዝቶ ለአንድ ቢሊዮን በማካፈል ይገኛል። የተንግስተን አቶሚክ ቁጥር 74 ነው፤ በ100,000 ቮልት 0.74 በመቶ ይሰጣል። ወርቅ 79 ስለሆነ 0.79 በመቶ፣ ዩራኒየም 92 ስለሆነ 0.92 በመቶ ይደርሳል። በዚሁ ቮልት 10 በመቶ ለማግኘት አቶሚክ ቁጥሩ 1000 የሆነ ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ የሚያልቀው 118 ላይ ነው።

ወርቅ እንግዲህ ከተንግስተን የሚበልጠው በ7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሚያስከፍለውን ደግሞ እንይ። ተንግስተን የሚቀልጠው 3422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲሆን ወርቅ 1064 ላይ ይፈሳል። በአንድ መደበኛ ኤክስፖዠር (አንድ ጊዜ ራጅ ሲነሣ) ፎካል ስፖቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የሚያርፉበት ትንሽ ቦታ፣ ከ2000 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ወርቁ ከመጀመሪያው ቀን አያልፍም። ዩራኒየም ጋ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፦ 1132 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ሙቀት አስተላላፊነቱ የተንግስተንን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፣ 668 ዲግሪ ሲደርስ የክሪስታል አሠራሩን ስለሚቀይር ዲስኩ ቅርጹን አይጠብቅም።

አቶሚክ ቁጥራቸው ከ70 በላይ ሆኖ ከ3000 ዲግሪ በላይ የሚቀልጡ ብረቶች አራት ብቻ ናቸው፦ ታንታለም፣ ተንግስተን፣ ሬኒየምና ኦስሚየም። ከነዚህ ውስጥ ሙቀት በማስተላለፍ ተንግስተንን በግማሽ መንገድ እንኳ በእርግጥ የሚከተለው ኦስሚየም ብቻ ነው፤ እሱም ኦክሳይዱ መርዛማ የሆነ ውድና ተሰባሪ ብረት ነው። ለሚሽከረከር አኖድ ብረት ሲመረጥ የሚታየው አቶሚክ ቁጥሩ ለብቻው ሳይሆን አንድ ብዜት ነው፦ አቶሚክ ቁጥሩ፣ የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት፣ እንዲሁም የሙቀት አስተላላፊነቱ፣ የጥግግቱና የልዩ ሙቀቱ ብዜት ስኩዌር ሩት። ዊልያም ኩሊጅ በ1913 ባስተዋወቀው ቱቦ ውስጥ የገባው ተንግስተን እስከ ዛሬ ከቦታው ያልተነሣው በዚህ ስሌት የሚስተካከለው ስለጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሡት ነገር አለ። 0.74 በመቶው እንኳ ሁሉም ሕመምተኛው ጋ አይደርስም። 100 ኪሎቮልት፣ 320 ሚሊአምፔር፣ 0.1 ሰከንድ እንውሰድ። ታርጌቱ ላይ ያረፈው ጉልበት 3.2 ኪሎጁል ነው፤ ከዚህ ኤክስሬይ የሚሆነው 24 ጁል ያህል ነው። ይህ ጨረር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ገሚሱ ራሱ አኖዱ ውስጥ ይገባል። በአንድ ሜትር ርቀት 35 በ43 ሴንቲሜትር የሆነው ካሴት (የፊልሙ መያዣ) ከሙሉው ስርጭት የሚይዘው ከመቶ አንድ እጅ ትንሽ በለጥ የሚል ነው። ስለዚህ ከ3200 ጁል ውስጥ ወደ ካሴቱ የሚያመራው ሩብ ጁል ገደማ ሲሆን፣ ከሱም ላይ ደካማው ጨረር በፊልተሩ ገና ይቀነሳል። ከ10,000 አንድ እጅ በማይሞላ ድርሻ ላይ የወርቅ 7 በመቶ ጭማሪ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው አንባቢ ይፍረድ።

በሙያው «የታርጌት ብቃት» ሲባል ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠየቀው፦ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ስንት ዋት ተሸክሞ ሳይቀልጥ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ለስንት ሺህ ኤክስፖዠር ይዘልቃል? ከዚህ በታች ያሉት ነጥቦች ሁሉ በዚህ ሚዛን የሚታዩ ናቸው።

«መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ተንግስተንን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ዲስኩ በሙሉ ከመዳብ ተሠርቶ ላዩ ብቻ ተንግስተን ይሁን» ይላል ሁለተኛው ሐሳብ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ አሠራሩም አዲስ አይደለም። በ60 ወይም 70 ኪሎቮልትና በ7 ወይም 8 ሚሊአምፔር በሚሠራ የጥርስ ራጅ ማሽን ውስጥ ያለው የማይሽከረከር አኖድ ልክ እንደዚህ ነው፦ ትንሽ የተንግስተን ቁራጭ በወፍራም መዳብ ውስጥ ተቀብሮ፣ የመዳቡ ጭራ ከብርጭቆው ወጥቶ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ሙቀቱ በብረቱ ተጉዞ ወደ ዘይቱ የሚወጣበት መንገድ አለው።

የሚሽከረከር ዲስክ ግን ቫኪዩም ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በግንዱ፣ በሮተሩ (በሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል) እና በኩሽኔታው በኩል ብቻ ነው። አምራቾች ይህን መንገድ ሆን ብለው ያጠቡታል፤ ግንዱ ቀጭን ሆኖ ከሞሊብዲነም የሚሠራው ሙቀት ወደ ኩሽኔታው እንዳይወርድ ነው። ኩሽኔታው ዘይት ወይም ግሪስ የለውም (ቫኪዩሙን ያበላሻል)፤ የሚለሰልሰው በስስ የብር ወይም የእርሳስ ንጣፍ ነው። ያ ንጣፍ ከልክ በላይ ከሞቀ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ ከዚያ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)።

ታዲያ ዲስኩ የሚቀዘቅዘው በምንድን ነው? በጨረር ነው፤ እንደ ጋለ ፍም። በጨረር የሚወጣው ሙቀት በኬልቪን የተለካው የሙቀት መጠን ለአራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው የሚያድገው። 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ዲስክ 500 ዲግሪ ላይ ካለው ከሰባት እጥፍ በላይ ሙቀት ይለቃል። መዳብ 1085 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ወደዚያ ሲቃረብም ቫኪዩም ውስጥ እየተነነ ብርጭቆውን ይለብጠዋል። ስለዚህ የመዳብ ዲስክ ቀዝቀዝ ብሎ መኖር አለበት፤ ቀዝቃዛ ዲስክ ደግሞ ሙቀቱን አይለቅም። የጸሐፊው ሐሳብ ራሱን የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

በምትኩ የሚሠራበት ከ0.5 በመቶ ቲታኒየምና ከ0.08 በመቶ ዚርኮኒየም ጋር የተቀየጠ ሞሊብዲነም ነው፤ በጋለ ጊዜም ጥንካሬውን ይይዛል። የበለጠ ሙቀት ለሚሸከሙ የሲቲ ስካንና የአንጂዮግራፊ (የደም ሥር ራጅ) ቱቦዎች ከጀርባው ግራፋይት ይበየድበታል። ግራፋይት ሲሞቅ ግራም በግራም ከሞሊብዲነም በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይይዛል፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ጥቁር ስለሆነ ጨረር በደንብ ይለቃል። ደካማ ጎኑ መጋጠሚያው ነው፤ ብየዳው ውስጥ ባዶ ቦታ ከቀረ ሙቀቱ እዚያ ይታገድና ከላይ ያለው ብረት ብቻውን ይግላል።

ወደ ፍጥነቱ እንለፍ። «አኖዱ በሦስት እጥፍ ቢፈጥን ሦስት እጥፍ ጭነት ይሸከማል» ተብሏል። ይህ ስሕተት ብዙ ሰው የሚሠራው ስለሆነ ስሌቱን ዘርዝረን ማሳየቱ ይጠቅማል።

በ50 ኸርዝ የሚሠራ ስታተር (ሮተሩን የሚያዞረው የሞተሩ ቋሚ ክፍል) ሮተሩን በደቂቃ ወደ 2800 ዙር ያደርሰዋል፤ በ150 ኸርዝ ወደ 8500። የፎካል ትራኩ (ኤሌክትሮኖቹ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ የሚመቱት ቀለበት) ዲያሜትር 80 ሚሊሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 251 ሚሊሜትር ይሆናል። በዝቅተኛው ፍጥነት ትራኩ በሰከንድ 11.7 ሜትር ይሮጣል፤ 1.2 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የኤሌክትሮን ጨረር ሥር አንዱ ነጥብ የሚቆየው 0.1 ሚሊሰከንድ ነው። በከፍተኛው ፍጥነት ቆይታው ወደ 0.034 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ኤሌክትሮኖቹ ተንግስተን ውስጥ የሚገቡት ከ20 ማይክሮሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ነው፤ ከዚያ በታች ሙቀቱ የሚጓዘው በራሱ ስርጭት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አጭር ጊዜ የገጹ ሙቀት የሚጨምረው በቆይታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ ፍጥነት በሦስት ሲባዛ የሚፈቀደው ጭነት የሚያድገው በሦስት ሳይሆን በሦስት ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.73 ነው።

ይህም ለአጭር ኤክስፖዠር ብቻ ነው። ኤክስፖዠሩ ወደ ብዙ ሰከንድ ሲረዝም ወይም ተከታታይ ሲሆን ገደቡ የፎካል ስፖቱ ሳይሆን የመላው ዲስክ ሙቀት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፍጥነት የሚጨምረው ነገር የለም። በሌላ በኩል ጸሐፊው ያልጠቀሱት የፍጥነት ጥቅም አለ። በ2800 ዙር አንዱ ዙር 21 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሕፃን ደረት በ10 ሚሊሰከንድ ሲነሣ ትራኩ ገና ግማሹ ነው የተጠቀመው፤ ሙቀቱ ሁሉ በግማሽ ቀለበት ላይ ይከማቻል። በ8500 ዙር ግን አንዱ ዙር 7 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ቀለበቱ በሙሉ ይካፈለዋል።

ዋጋው ደግሞ በኩሽኔታው ይከፈላል። ከፍተኛ ፍጥነት ከፈለጉ ከኤክስፖዠር በኋላ ሮተሩን የሚያቆም ብሬክ ያለው ስታርተር (ለስታተሩ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የግድ ነው፤ ዲስኩ በራሱ ቀስ እያለ እንዲቆም ከተተወ የሚንቀጠቀጥበትን ፍጥነት ረዘም ላለ ጊዜ ያልፍበታል። ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ሌላ ነው። ጄኔሬተሩ (ለቱቦው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው የማሽኑ ክፍል) «ከፍተኛ ፍጥነት» ላይ ተስተካክሎ ስታርተሩ በ50 ኸርዝ ብቻ የሚያሽከረክር ከሆነ፣ ማሽኑ 1.73 እጥፍ ጭነት ይፈቅድና ትራኩ በአንድ ኤክስፖዠር ይቀልጣል። የስታተሩ ካፓሲተር ሲደክምም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት መስመር ላይ፣ በአገራችን ብዙ ጤና ተቋማት እንደሚታየው፣ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ የስታተሩ የማሽከርከር ጉልበት በቮልቱ ስኩዌር ስለሚቀንስ ሲሶውን ያጣል፤ ሮተሩ ፍጥነቱን የሚይዝበት ጊዜ ይረዝማል። የሮተሩን ፍጥነት የማያነብና በሰዓት ቆጣሪ ብቻ ኤክስፖዠር የሚፈቅድ አሮጌ ስታርተር ይህን አያውቅም። እንዲህ ባለ ቦታ ለራጅ ክፍሉ የሚበቃ ስታቢላይዘር ማስገባት ከየትኛውም የታርጌት ማሻሻያ ይቀድማል።

ስለ ማዕዘኑ የተባለው ግማሽ እውነት ነው። የአኖዱ ማዕዘን (የታርጌቱ ገጽ ወደ ታች ከሚወርደው ጨረር ጋር የሚሠራው ተዳፋት) ሲጠብ፣ ከታች ሲታይ ያው መጠን ያለው ፎካል ስፖት ታርጌቱ ላይ ረዘም ያለ ቦታ ይይዛል። 1.2 ሚሊሜትር ፎካል ስፖት በ16 ዲግሪ አኖድ ላይ 4.35 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ በ12 ዲግሪ 5.77 ሚሊሜትር፤ ስለዚህ ጭነቱ በሲሶ ያድጋል። በ7 ዲግሪ ወደ 9.8 ሚሊሜትር ይደርሳል። ጸሐፊው «ለሁሉም ቱቦ 7 ዲግሪ ይሁን» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ነገር ግን ጨረሩ ወደ አኖዱ በኩል ከማዕዘኑ በላይ ሊሰፋ አይችልም፤ አኖዱ ራሱ ይጋርደዋል። በ100 ሴንቲሜትር ርቀት 7 ዲግሪ አኖድ ወደ አኖዱ በኩል የሚሸፍነው 12.3 ሴንቲሜትር ነው። 43 ሴንቲሜትር ካሴት ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 21.5 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። በጠረጴዛ ላይ ሆድ ወይም ጭን ሲነሣ የፊልሙ አንድ ጎን ነጭ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ለ100 ሴንቲሜትር ርቀትና ለሙሉ ካሴት 12 ዲግሪ አፋፍ ላይ የቆመ ነው፤ ሂል ኢፌክቱ (ጨረሩ ወደ አኖዱ በኩል እየደከመ መሄዱ) ስላለ ጠርዙ ቀድሞ ይደክማል። ለዚህ ነው የጠቅላላ ራጅ ክፍል ቱቦ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ የሚሆነው። 7 እና 8 ዲግሪ ቦታቸው አነስተኛ ፊልድ ባላቸው የአንጂዮግራፊ ማሽኖች ላይ ነው። በ180 ሴንቲሜትር ርቀት ደረት ብቻ የሚነሣበት ክፍል ከሆነ 7 ዲግሪ 22 ሴንቲሜትር ስለሚሸፍን በጭንቅ ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ነው። «ሬኒየም ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከተንግስተን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ታርጌቱ ላይ መጨመሩ ዋጋ ከማስወደድ በቀር ጥቅም የለውም» ይላሉ። የመጀመሪያው ሐረግ ትክክል ነው። ቅይጡም ከንጹሕ ተንግስተን ያነሰ ያስተላልፋል። በሳጥኑ ውስጥ ካለ አዲስ ቱቦ ጋር አዲስ ቱቦ ቢወዳደር ንጹሕ ተንግስተን ያሸንፋል።

ቱቦ ግን አዲስ ሆኖ አይቆይም። አንድ ኤክስፖዠር ሲደረግ የትራኩ የላይኛው ቆዳ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከሺህ ዲግሪ በላይ ይዘላል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ገና አልሞቀም። የጋለው ቆዳ ሊለጠጥ ይፈልጋል፣ ቀዝቃዛው ሥር ይዞ አያስለጥጠውም፤ ስለዚህ ቆዳው ይጨመቅና በቋሚነት ይጨማደዳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሸማቀቃል፤ አሁን ያጠረ ስለሆነ ይሳባል። ይህ በየዙሩ፣ በየኤክስፖዠሩ ይደጋገማል። ንጹሕ ተንግስተን ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ነው፤ በከፍተኛ ሙቀት ከቆየ ደግሞ ፍሬዎቹ (ብረቱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች) ያድጉና የበለጠ ይሰበራል። ስለዚህ መሳቡን በስንጥቅ ይመልሳል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ያረጀ ትራክ በበጋ የደረቀ የኩሬ ጭቃ ይመስላል።

ስንጥቁ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ሙቀት ክፍተት አይሻገርም፤ በስንጥቆች የተከበበች እያንዳንዷ ደሴት ሙቀቷን ወደ ጎን ማካፈል ስለማትችል ጠርዞቿ ይቀልጣሉ። ንጹሕ ተንግስተን የነበረው የማስተላለፍ ብልጫ የሚጠፋው ያኔ ነው። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሮኖች ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው የሚፈጥሩት ኤክስሬይ ለመውጣት የጉድጓዱን ግድግዳ ማለፍ አለበት፤ ማዕዘኑ ጠባብ በሆነ ቁጥር ይህ ግድግዳ ይወፍራል። በያው ኪሎቮልትና በያው ሚሊአምፔር ሰከንድ (ሚሊአምፔሩ በሰከንዱ ሲባዛ) የሚወጣው ጨረር ይቀንሳል፣ ሂል ኢፌክቱም ይብሳል። ባለሙያው ፊልሙ ፈዘዘ ብሎ ሚሊአምፔር ሰከንድ ይጨምራል፤ የተጨመረው ሙቀት ትራኩን የበለጠ ያሻክረዋል።

ከ5 እስከ 10 በመቶ ሬኒየም ሲቀየጥ ተንግስተኑ በዝቅተኛ ሙቀት ላይም ለመተጣጠፍ ይችላል፣ ፍሬዎቹ የሚያድጉበት ሙቀትም ከፍ ይላል። ሬኒየም ውድ መሆኑ አይካድም፤ ስለዚህም ዲስኩ በሙሉ ከሱ አይሠራም። ወደ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የቅይጡ ዱቄት ከሞሊብዲነም ዱቄት በላይ ተነጥፎ አብሮ ይጨመቃል፣ በምድጃ ይጋገራል፣ ከዚያ ይቀጠቀጣል። ጸሐፊው «ትርፍ ወጪ» ያሉት ይህ አንድ ሚሊሜትር ነው።

የትራኩን መሻከር ቱቦውን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። ቱቦው በተተከለ ቀን በ80 ኪሎቮልትና በተወሰነ ሚሊአምፔር ሰከንድ፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ያለ ጠረጴዛ በዶዚሜትር (በጨረር መለኪያ) የተለካውን ቁጥር መዝግቦ መያዝ፣ ከዚያ በየዓመቱ በዚያው አቀማመጥ መድገም ነው። ቁጥሩ እየወረደ ኪሎቮልቱና ሚሊአምፔሩ ግን ልክ ከሆኑ፣ ወይ ትራኩ ሻክሯል ወይ ከፊላመንቱ (ኤሌክትሮኖቹን ከሚያመነጨው የጋለ ሽቦ) የተነነው ተንግስተን መስኮቱን ለብጦታል። ሁለተኛው ብርጭቆውን እንደ መስተዋት ስለሚያጠቁረውና ውሎ አድሮ በቱቦው ውስጥ ብልጭታ ስለሚያስከትል ከምልክቱ ይለያል። «ፕረፕ» (ማዘጋጃ) የተባለውን ቁልፍ ይዞ መቆየት ፊላመንቱን በሙሉ ሙቀት ስለሚያቆየው ይህን ያፋጥናል።

ስለ ማሟሟቂያው። «ጠዋት ላይ ሰው ሳይኖር የሚደረግ ኤክስፖዠር የቱቦውን ዕድሜ ከመብላት ውጪ ፋይዳ የለውም» ተብሏል። ይህ ምክር ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ዛሬውኑ ማንም ሊፈጽመው ይችላል። ቀዝቃዛ የሸክላ ምጣድ ነዲድ እሳት ላይ ድንገት ቢጣድ ምን እንደሚሆን እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቃል። ዲስኩም እንደዚያው ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ አኖድ ላይ በመጀመሪያው ሕመምተኛ ከፍተኛ ጭነት ያለው የወገብ ራጅ ቢነሣ፣ ቅድም ያልነው መሳብ በጣም ተሰባሪ በሆነበት ሰዓት ያርፍበታል። ዲስኩ ከመሐል እስከ ዳር ሊሰነጠቅ፣ አንዳንዴም ለሁለት ሊከፈል ይችላል።

የሚያስከፍለውን ደግሞ እናስላ። በ70 ኪሎቮልት፣ በ100 ሚሊአምፔር፣ በአንድ ሰከንድ፣ ሦስት ኤክስፖዠር በመሐላቸው ጥቂት ሰከንዶች እየተጠበቀ ቢደረግ ጠቅላላ ጉልበቱ 21 ኪሎጁል ነው። 700 ግራም የሚመዝንና አብዛኛው ሞሊብዲነም የሆነ ዲስክ በዚህ 120 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሙቀቱ ዝግ ብሎ ስለገባም በዲስኩ ሙሉ አካል ይዳረሳል። በትራኩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ ቀዝቃዛ ከባድ ኤክስፖዠር ጋር አይወዳደርም። ትክክለኛው መጠን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ይወሰድ፤ ማሽኑ ከሁለት ሰዓት በላይ ሥራ ፈቶ ከቆየም መደገም የተለመደ ነው። ኮሊሜተሩ (የጨረሩን ስፋት የሚወስነው መዝጊያ) ይዘጋ፣ በሩም ይዘጋ።

«ኪሎቮልት ይጨመር» የሚለው ላይ ብዙ አንከራከርም። ኪሎቮልቱ በ15 በመቶ ከፍ ሲል ሚሊአምፔር ሰከንዱን በግማሽ መቀነስ እንደሚቻል የራጅ ተማሪ ሁሉ ይማራል። 80 ኪሎቮልት በ40 ሚሊአምፔር ሰከንድ 3.2 ኪሎጁል ነው፤ 92 በ20 ደግሞ 1.84 ኪሎጁል፤ ሙቀቱ በ43 በመቶ ይቀንሳል። ለደረት ይህ ጥሩ ነው። አዮዲን ለሚወጋበት ምርመራ ግን አይሆንም፤ አዮዲን ጨረርን አጥብቆ የሚይዘው ከ33.2 ኪሎኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ጀምሮ ስለሆነ ኪሎቮልቱ ሲያሻቅብ የምስሉ ንጽጽር (የጥቁርና የነጭ ልዩነቱ) ይጠፋል።

ማሞግራፊ ደግሞ የጸሐፊውን መለኪያ ጭራሽ ይገለብጠዋል። በ28 ኪሎቮልት ሞሊብዲነም 0.12 በመቶ ያህል ብቻ ሲለውጥ ተንግስተን 0.21 በመቶ ይለውጣል። ሆኖም ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የጡት ራጅ ቱቦ ታርጌት ሞሊብዲነም ነበር፤ በ17.5 እና በ19.6 ኪሎኤሌክትሮን ቮልት የሚሰጣቸው ጨረሮች ለስስ ሥጋ ተስማሚ ስለሆኑ። በግማሽ «ብቃት» የተሻለ ፊልም ተነሥቷል። ዲጂታል መቀበያ ሲመጣ ተንግስተን ከሮዲየም ወይም ከብር ፊልተር ጋር ተመልሶ ገብቷል፤ ይህም የሆነው ለመቶኛው ተብሎ ሳይሆን ወደ ጡቱ የሚገባውን ዶዝ ስለሚቀንስ ነው። በክሪስታል ምርምር ቤተ ሙከራዎችም መዳብ እስከ ዛሬ ዋና ታርጌት የሆነው 8.05 ኪሎኤሌክትሮን ቮልቱ ስለሚፈለግ ነው።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው ማለቂያ ላይ በሁለት መስመር ብቻ ያለፉት ነገር ከሰባቱ ሐሳቦች ሁሉ ይበልጥ ነበር። አልማዝንና ፈሳሽ ብረትን አንሥተዋል። አልማዝ ከመዳብ በአምስት እጥፍ ገደማ የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ተንግስተን በአልማዝ ላይ ሲለበጥ ለማይክሮፎከስ ቱቦ (ፎካል ስፖቱ በጣም ትንሽ ለሆነ) እጅግ ጠቃሚ ይሆናል። ፈሳሽ ብረቱ ደግሞ ስቶክሆልም በሚገኘው የንጉሣዊ ቴክኖሎጂ ተቋም የተወለደ ሐሳብ ነው፦ በጋሊየም ላይ የተመሠረተ ቅይጥ እንደ ቀጭን ጅረት በቫኪዩም ውስጥ ይወነጨፋል፣ ኤሌክትሮኑ እሱን ይመታል። አስቀድሞ የቀለጠ ታርጌት አይቀልጥም። ጋሊየም 9.25፣ ኢንዲየም 24.2 ኪሎኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይሰጣል። ግን ይህ በጣም ትንሽ ፎካል ስፖት ለሚፈልግ ቤተ ሙከራ እንጂ በአሥር ኪሎዋቶች ለሚሠራ የሆስፒታል ክፍል አይደለም።

ለሆስፒታል ቱቦ እውነተኛው ለውጥ ከሌላ በኩል ነው የመጣው። ተንግስተን ላይ ካረፉት ኤሌክትሮኖች ግማሽ ያህሉ መልሰው ይነጥራሉ፤ ተመልሰው አኖዱ ላይ ሲወድቁ ከፎካል ስፖቱ ውጪ ጨረርና ተጨማሪ ሙቀት ያመጣሉ። አኖዱ ከመሬት ጋር በተያያዘባቸው የሲቲ ቱቦዎች እነሱን የሚለቅምና በራሱ የሚቀዘቅዝ መሰብሰቢያ ይገጠማል። ፊሊፕስ በ1989 በፈሳሽ ብረት የሚንሳፈፍ ኩሽኔታ ሲያስገባ ሙቀቱ በኩሽኔታው በኩል መውጣት ቻለ። ሲመንስ በ2003 ያወጣው ስትራቶን ደግሞ ቱቦው በሙሉ የሚሽከረከርበት ሲሆን፣ የአኖዱ ጀርባ በቀጥታ ዘይት ይነካል፤ ኩሽኔታውም ከቫኪዩም ውጪ ነው። በሦስቱም ውስጥ ታርጌቱ ያው የተንግስተን ትራክ ነው።

አንድ የስሌት እርማት ይቀራል። በጽሑፉ ሠንጠረዥ ላይ 300,000 ሂት ዩኒት (የአኖድ ሙቀት መለኪያ) «300 ኪሎጁል» ተብሎ ተቀምጧል። ሂት ዩኒት የተፈጠረው ለአንድ ፌዝ ጄኔሬተር ነው፤ ዛሬ ባሉት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጄኔሬተሮች ላይ ኪሎቮልት በሚሊአምፔር በሰከንድ ተባዝቶ የመጣው ቁጥር (ጁሉ) ወደ ሂት ዩኒት ለመለወጥ በ1.4 መባዛት አለበት። ስለዚህ 300,000 ሂት ዩኒት ለ1.4 ሲካፈል 214 ኪሎጁል ገደማ ነው። በጽሑፉ ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው አኖዱ ሞልቶም ገና 86 ኪሎጁል ቦታ ያለው መስሎት ይቀጥላል።